የተጨመረላት ደቂቃ

የእህቴ ልጅ ተብታባ ናት። ላዋርዳት ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ እሷው ራሷ "ተብታባ ነኝ" ትላለች፣ ያውም ሳይዛት። የሚይዛት በ"መ" ወይም በ"በ" የሚጀምር ቃል ሲመጣባት ነው። ከንፈሯ ይገጥምና ዝገት እንደበላው ማጠፊያ አልላቀቅ ይላል። ያኔ የሰው ጠባይ ይታወቃል። አንዱ አፍሮ ዞር ይላል። አንዱ ሰዓቱን ያያል። አብዛኛው ሰው ደግሞ ደግ ነውና ቃሉን ከአፏ ተቀብሎ ይጨርስላታል።

እኔ ሥራዬ የስፌት መኪና መጠገን ነው። ሰው መኪናውን ይዞ ሲመጣ ብዙ ያወራል፤ "ክር ይበጥሳል፣ ጨርቅ ይበላል፣ ከገዛሁት ወዲህ አንድ ቀን ደስ ብሎኝ አላውቅም" ይላል። አዎ አዎ እያልኩ መዘውሩን በእጄ አዞርና መኪናው ራሱ የሚለውን እሰማለሁ። ከትምህርት ቤት ቶሎ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የማውቃትን ታህል ያወቅሁት ጆሮዬን እየሰጠሁ ነው። ድምቢጥንም የለመድኳት እንደዚያው ነው። ድምቢጥ ብዬ ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ስትወለድ ከመዳፍ አትበልጥም ነበር። ስትያዝ ፊቷን እያየሁ እጠብቃለሁ። ራሴን አልነቀንቅም፣ "አይዞሽ" አልልም፣ ቃሉን ባውቀው እንኳ አልነካባትም። የሰው ቃል የሰው ነው። እሷም ስትያዝ ዓይኗን የምታሳርፈው እኔ ፊት ላይ ነው፤ እስክትጨርስ ድረስ ከዚያ አይነሳም።

እዚህ ላይ ስትናገር የምጽፈው ቃሏን ብቻ ነው። የተያዘችበትን ሁሉ ልጻፍ ብል ወረቀቱም አይበቃ፣ እሷም ደስ አይላት።

አንድ ነገር ደግሞ ድሮውንም አስተውዬ ነበር። ማታ ከእናቷ ጋር ሦስታችን ቆመን ስንጸልይ አይዛትም። "መ" ይምጣ "በ" ይምጣ፣ ቃሉ ቀድሞ ተጽፎ ያለቀ፣ ሁሉም ሰው እኩል የሚለው ከሆነ ሳያደናቅፋት ይወርድላታል። በትምህርት ቤቷ የገባችበትን የክርክር ክበብ የወደደችው ለዚህ ይመስለኛል።

"ጋሼ፣ እዚያ እኮ 'እኔ' አይባልም" አለችኝ አንድ ቀን ወደ ሱቄ ገብታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ።

"ታዲያ ምን ይባላል?"

"'የደሴቲቱ ልዑክ ትቃወማለች፣ የደሴቲቱ ልዑክ ትጠይቃለች' ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አገር ይደርሰዋል፤ ትልቁ የዓለም ጉባኤ ላይ እንደተላከ አምባሳደር ሆኖ ስለዚያ አገር ይከራከራል። ለእኔ ባሕር ሊውጣት የደረሰች ትንሽ ደሴት ደረሰችኝ።"

"ምነው ዘመድ የላችሁም እንዴ፣ ትልቅ አገር አይሰጡሽም ነበር?" አለ መቀስ ከበሩ ላይ።

መቀስ ከጎኔ ባለው ክፍል ልብስ ይሰፋል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ግን ሥራው ሳይሆን ምላሱ ነው፤ ሰው የጀመረውን ወሬ ከመሃል ቆርጦ ራሱ ይጨርሰዋል።

"ትልቁንማ ሁሉም ተሻማው" አለችው። "ትንሿን ግን ማንም አልፈለጋት።"

"እንዳንቺ ትንሽ ናት በያ።"

"እንዳንተ ሱቅ።"

"ኧረ መሐንዲስ፣ ይህች ልጅህ አምባሳደር ሳትሆን ከአገር ታባርረናለች!" አለኝ። መሐንዲስ የሚለኝ ሲቀልድ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቄ ጉባኤ ሆነ። የጉባኤውን ሕግ ስታስረዳን እንደ ጨዋታ ሕግ ነበር የሰማነው። መጀመሪያ ስም ይጠራል፣ አገርህ ሲጠራ "አለሁ" ትላለህ። መናገር ስትፈልግ የአገርህ ስም የተጻፈበትን ካርቶን ታነሳለህ፣ ተራ ይያዝልሃል፣ ሲደርስህ አንድ ደቂቃ ነው። ደቂቃህ ሲያልቅ ሊቀመንበሩ በመዶሻ ጠረጴዛውን ይመታል። ሳያልቅብህ ከጨረስክ የተረፈውን ጊዜ ለሌላ ልዑክ ወይም ለሊቀመንበሩ አስተላልፋለሁ ብለህ ትቀመጣለህ። ሕግ ሲጣስ ካየህ ደግሞ "የሥነ ሥርዓት ጥያቄ!" ብለህ የማንንም ንግግር ማቋረጥ ትችላለህ።

መቀስ ይህችን የመጨረሻዋን ሲሰማ ዓይኑ በራ። "የማንንም?"

"የማንንም። ሕግ ከተጣሰ ብቻ ግን።"

"ሊቀመንበርነቱ ለእኔ ይሁን" ብሎ የጎማ መዶሻዬን ከመደርደሪያው ላይ አነሳ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሰላም አጣ። አንዲት ደንበኛ የልጃቸው ልብስ አጠረ ብለው ሊከራከሩት ሲጀምሩ "የሥነ ሥርዓት ጥያቄ! ደንበኛዋ ተራ ሳይዙ ነው የሚናገሩት" አላቸው። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው፣ "ይህ ሰው ታሞ ነው ወይስ ድሮም እንዲህ ነው?" አሉ። "ድሮም ነው እትዬ፣ አሁን ግን ሕግ አገኘለት" አልኳቸው።

ድምቢጥ ስትለማመድም ሊቀመንበሩ አላረፈ። ተይዛ ከንፈሯ ገጥሞ ሳለ ቃሉ ከአፉ ያመልጠዋል። ያኔ ካርቶኗን ታነሳለች።

"የሥነ ሥርዓት ጥያቄ! ሊቀመንበሩ የልዑኳን ቃል ሰርቀዋል።"

"ይቅርታ ልዑክ፣ ምላሴ ነው፣ ሌላው አካላቴ ንጹሕ ነው" ይላል፤ ሦስታችንም እንስቃለን። እውነቱን ለመናገር እነዚያ ቀናት ጥሩ ነበሩ።

እዚያ ጉባኤ ላይ አስቀድሞ የተሠራ ቃል ብዙ ነው። "ክቡር ሊቀመንበር፣ የተከበራችሁ ልዑካን"፣ "የደሴቲቱ ልዑክ ለተሰጣት ዕድል ታመሰግናለች"። ይህ ሁሉ አይዛትም፤ እንደ ጸሎቱ ነው። ችግሩ የሚጀምረው የራሷ ነገር ጋ ሲደርስ ነው። ሌላ ጊዜ ቃሉን እየለወጠች ታመልጣለች፤ "መንገድ" ሲያስቸግራት "ጎዳና" ትላለች፣ "መምህሬ" እንዳትል "አስተማሪዬ" ትላለች። ለጉባኤው የሚቀርብ አንቀጽ ግን እንደተጻፈ ነው የሚነበበው። አንድ ቃል ከለወጡበት ሌላ አንቀጽ ነው፣ አይቆጠርም።

አንቀጿን ጽፋ ስታሳየኝ እንዲህ ይል ነበር፦ "መሬታቸውን ባሕር የወሰደባቸው ሕዝቦች ዜግነታቸው አብሮ አይሰምጥም፤ በሄዱበት ሁሉ የአገራቸው ሰዎች ሆነው ይቆጠራሉ።"

መቀስ ከትከሻዬ በላይ አንብቦ፣ "አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያው ላይ 'አገራቸውን' ብትዪ ምን አለበት? ለምን ራስሽን ታስሪያለሽ?" አላት።

"አውቄ ነው" አለች። "ሁሌ ስሸሸው የኖርኩትን ቃል ነው ግንባሩ ላይ ያስቀመጥኩት።"

የጂኦግራፊ አስተማሪዋ፣ ክበቡን የሚመሩት፣ ጥሩ ሴት ናቸው። "አንቺ ጻፊው፣ የምታነበው ጓደኛሽ ትሁን፤ ሕጉ ይፈቅዳል" ብለዋት ነበር። ጓደኛዋ ረዥሟ ናት፣ የትልቅ የባሕር ጠረፍ አገር ልዑክ፤ ድምፅዋ የራዲዮ ሰው ያህላል። ድምቢጥ እምቢ አለች። ማታ እጄን ስታጠብ አጠገቤ ቆማ እንዲህ አለችኝ።

"ጋሼ፣ የደሴቲቱ ነገር ቢያልፍም ባያልፍም ግድ የለኝም ብል ውሸት ነው። ግን ከሱ በፊት አንድ ጊዜ፣ የራሴን ነገር፣ በራሴ አፍ፣ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ማለት እፈልጋለሁ። ሰው እየሰማኝ። ሰው ሳይጨርስልኝ።"

"ትዪዋለሽ" አልኳት።

"አንተ ትመጣለህ አይደል?"

"እመጣለሁ።"

"ፊትህን እንዳየው።"

እናቷ፣ እህቴ፣ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት፤ ያን ቀን ተረኛ ስለነበረች መምጣት አልቻለችም። ጠዋት ስትወጣ የበሩን እጀታ እንደያዘች፣ "አደራህን፣ ሰው እንዳይስቅባት" አለችኝ። ሰው እንዳይስቅ የማደርገው በምን ነው? ግን አደራ ነውና ራሴን ነቀነቅሁ።

አዳራሹ ትልቅ ነው፣ ወለሉ ወደ መድረኩ የሚያዘቀዝቅ፣ ወንበሮቹ መሬት ላይ የተቸነከሩ። ልዑካኑ ከፊት፣ ካርቶናቸውን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ተቀምጠዋል። ሁሉም ዘንጠው ለብሰዋል፤ አንዳንዱ የአባቱን ኮት መልበሱ ከትከሻው ያስታውቃል። በሩ ላይ የቆመችው አስተናጋጅ የመጨረሻውን ረድፍ አሳየችኝ።

"ታዛቢዎች እዚህ ነው። ታዛቢ አይናገርም፣ አያጨበጭብም፣ ከልዑክ ጋር አይጠቃቀስም። እሺ አባባ?"

"እሺ ልጄ" አልኩና ተቀመጥኩ። ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የገባኝ። የታዛቢ ቦታ ከኋላ ነው። ድምቢጥ ፊቷን ወደ መድረኩ አድርጋለች፤ ለእኔ የሚታየኝ ማጅራቷና ሹሩባዋ ብቻ ነው። እሷም ያለ ሕግ ዞራ ካላየችኝ በቀር ፊቴን አታገኘውም። ተነስቼ ጎን ላይ ልቁም ብዬ አስተናጋጇን በእጅ ጠየቅኋት፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ጠዋቱ ጥሩ ሄደ። ሊቀመንበሩ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ፣ መዶሻውን እንኳ ሲመታ እንዳይሰበር እንደሚፈራ ሰው ነው። ስም ሲጠራ "አለሁ" አለች፣ ጥርት አድርጋ። ተራዋ ሲደርስ ደሴቲቱን አስተዋወቀች፤ ቃላቷን መርጣ፣ ጎዳናውን እየለወጠች፣ ሁለት ቦታ ብቻ ተይዛ ተሻገረችው። ከኋላዋ ሆኜ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ነጻ ውይይት ብሎ ጉባኤውን በተነው። ይህ ማለት ልዑካኑ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ቆመው፣ እንደፈለጉ እየተነጋገሩ ረቂቅ ውሳኔ ያዘጋጃሉ ማለት ነው። ተራ የለ፣ ደቂቃ የለ፣ ካርቶን የለ። እኔ ነጻ ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። ለእሷ ግን የከፋው ይሄ ሆነ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፤ አንዱ የሌላውን አረፍተ ነገር ከመሃል ይወስዳል፤ አዳራሹ ሙሉ መቀስ ሆነ። ድምቢጥ ወረቀቷን ይዛ ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ስትሄድ አያታለሁ። ገባ ትላለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ከንፈሯ ይገጥማል፣ እስኪላቀቅ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። ማንም አልገፋትም፣ ማንም አልሳቀባትም። ብቻ አልጠበቋትም። ዋናው ረቂቅ ሲነበብ የደሴቲቱ አንቀጽ የለበትም።

አንድ መንገድ ቀረች። ከረቂቁ የቀረ ነገር በማሻሻያ ሊገባ ይችላል፤ ጽፎ፣ የሌሎች ልዑካን ፊርማ ሰብስቦ፣ ለሊቀመንበሩ ማስገባት። ከዚያ ያቀረበው ሰው ቆሞ አንቀጹን አንብቦ ይደግፋል፣ አንድ ሰው ይቃወማል፣ ድምፅ ይሰጣል። ረዥሟ መጀመሪያ ፈረመችላት፤ ከዚያም ወረቀቱን ነጥቃ በየጠረጴዛው እየዞረች ፊርማውን ለቀመችላት።

"የደሴቲቱ ልዑክ ማሻሻያ አቅርባለች" አለ ሊቀመንበሩ። "አንድ ደቂቃ አለሽ።"

ቆመች። ካርቶኑን በግራ እጇ ያዘችው።

"ክቡር ሊቀመንበር፣ የተከበራችሁ ልዑካን" አለች። "የደሴቲቱ ልዑክ ያቀረበችው ማሻሻያ እንዲህ ይላል።"

ከዚያ ዝም።

ፊቷ አይታየኝም፤ ግን ማጅራቷ ላይ ያለችው ጅማት ስትቆም አየሁ። "መ" ላይ ናት። የት እንዳለች ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ራሷን ትንሽ ወደ ጎን አዘነበለች፤ ፊት እንደምትፈልግ አወቅሁ። ከፊቷ ያለው የሊቀመንበሩ ፊት ነው፤ እሱ ደግሞ አፍሮ ጠረጴዛውን ያያል። እኔ ከኋላ ሆኜ ልክ እንደ ሱቁ ጠበቅኋት፣ ዓይኔን ሳልነቅል፣ ራሴን ሳልነቀንቅ። ለማጅራት መታገሥ ምን ይጠቅማል? ጌታ ሆይ ቃሉን ስጣት አልኩ በልቤ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ደቂቃው አለቀ። ሊቀመንበሩ መዶሻውን አላነሳም። ሁሉም እንዳላየ ሆነ። መነጽር ያደረገ አንድ ልጅ ግን ካርቶኑን አነሳ።

"የሥነ ሥርዓት ጥያቄ። ይቅርታ... ጊዜው አልፏል።"

ልጁ ልክ ነው። ሕጉ እንደዚያ ነው። በዙሪያው ያሉት ግን እንደ ሌባ አዩት፣ እሱም ጆሮው ቀላ።

ያኔ ረዥሟ ብድግ አለች። "ሐሳብ አቀርባለሁ! ለደሴቲቱ ልዑክ አንድ ደቂቃ እንዲጨመርላት!"

"እደግፋለሁ!" "እደግፋለሁ!" ከየአቅጣጫው።

ሊቀመንበሩ እፎይ ሲል ከኋላ ድረስ ይሰማ ነበር። ሕጉ ራሱ መውጫ ሰጠው። "ድምፅ እንሰጣለን" አለ። "የአካሄድ ጉዳይ ስለሆነ ድምፀ ተአቅቦ የለም፤ ሁሉም ልዑክ ወይ ይደግፋል ወይ ይቃወማል።" ቀና ብሎም ጨመረ፤ "የደሴቲቱ ልዑክም።"

የቆመች ልጅ፣ አፏ የተያዘ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይታገሣት ወይስ አይታገሣት ብሎ ድምፅ ሲሰጥባት፣ እሷም ስለ ራሷ ድምፅ እንድትሰጥ። ይህን ሕግ ያወጣ ሰው ክፉ አይመስለኝም። ረዥሟም ክፉ አይደለችም። ከመካከላቸው ክፉ ፈልጌ አጣሁ፤ ያ ነው የጨነቀኝ።

"የሚደግፉ?"

ካርቶኑ ሁሉ ተነሳ። የባለመነጽሩም፣ ከሁሉ ቀድሞ።

"የሚቃወሙ?"

አንድ ካርቶን ተነሳ። የደሴቲቱ።

እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ፤ የፌዝ አይደለም፣ የፍቅር ነው። ትሕትና መሰላቸው። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ፣ "ልዑክ፣ ጥያቄው ጊዜ ይጨመርልሽ ነው እኮ። ገብቶሻል?" አላት። ራሷን ነቀነቀች። ካርቶኑን አላወረደችም።

"ሐሳቡ በብዙ ድምፅ አልፏል። አንድ ደቂቃ።"

ደቂቃው ተጀመረ። ሁሉም ወደ እሷ ዞሯል፣ ሁሉም ፈገግ ብሏል፣ ሁሉም በዓይኑ ይገፋታል። ፊት ያለችው አንዲት ልጅ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ ሕፃን ሲያበሉ አብሮ አፍ እንደሚከፈተው ነው። አጠገቧ ያለውም። ከዚያ ከግራ በኩል፣ ሲፈርም አንቀጹን ያነበበ አንድ ልጅ በቀጭን ድምፅ፣ "መሬታቸውን" አለ። ሌላው ደገመ። ሦስተኛው። እንደ ክፍል ትምህርት ሁሉም ተቀበለው፦ "መሬታቸውን! መሬታቸውን!"

በመካከሉ አንድ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ወፍራም፣ ትንሽ ሻካራ። ከኋላ የመጣ። የራሴ ነበር።

እንዴት እንደወጣኝ እስካሁን አላውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ዘበኛ በቃሏ በር ላይ ቆሜ ማንንም ሳላስገባ፣ ያን ቀን ከሕዝቡ ጋር አብሬ ገባሁ። ቃሉን ስጣት ብዬ ለምኜ ነበር፤ በእኔ አፍ ሰጣት።

ድምቢጥ ዞረች። ልዑክ መዞር እንደማይፈቀድለት እያወቀች ዞረች፣ አዳራሹን በሙሉ አልፋ እኔን አየችኝ። ስትፈልገው የነበረውን ፊቴን ያገኘችው ያኔ ነበር። አልተቆጣችም። ድምፁ የማን እንደሆነ ለማረጋገጥ ብቻ እንደዞረ ሰው አየችኝና ተመለሰች።

"የደሴቲቱ ልዑክ ቀሪ ጊዜዋን ለሊቀመንበሩ ታስተላልፋለች" አለች። አንድም ፊደል አልያዛትም። ተቀመጠች።

ባለመነጽሩ የተቃዋሚ ተራው ደርሶት ተነሳና "ተቃውሞ የለኝም" ብሎ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ አንቀጹን ራሱ አነበበው፤ ጥሩ አድርጎ አነበበው። በስም ጥሪ ድምፅ ተሰጠ፣ አንድም ሰው አልተቃወመም። የደሴቲቱ ስም ሲጠራ "እደግፋለሁ" አለች እሷም። ከዚያ ማጨብጨብ ክልክል ነው የተባለበት አዳራሽ ተነስቶ አጨበጨበ። አስተናጋጇም አጨበጨበች። ሰው ያየኛል ብዬ እኔም ሁለት እጄን አጋጨሁ።

በር ላይ ረዥሟ አቅፋ ከመሬት አነሳቻት። "አየሽ! አየሽ አይደል? አለፈ እኮ!" ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ የእውነት። ድምቢጥ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፣ የምታጽናናው እሷ ሆና።

የጂኦግራፊ አስተማሪዋ እጄን ጨበጡኝ። "እንዴት ደስ ይላል! አዳራሹ ሁሉ እኮ ከጎኗ ነበር።"

"አዎ፣ ከጎኗ ነበር" አልኩ።

መቀስ ስልክ ደወለ። "እህ፣ አምባሳደራችን ምን አደረገች?"

"አንቀጹ አለፈ።"

"አላልኩህም! እሷስ? ተናገረችው?"

ድምቢጥ አጠገቤ ቆማለች። "እንገናኝ" አልኩትና ዘጋሁት።

ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ እሷ በመስኮቱ በኩል። ካርቶኑን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ቢሆንም ልሞክር ብዬ "ድምቢጥ..." ስል ገና፣

"ጋሼ፣ ተወው።"

"ሳላስበው ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። ሁሉም ሳያስበው ነው።" ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ፣ "ደሴቲቱ ምን በደለች ብዬ ነው የደገፍኩት" አለች።

ተውኩት። ከእንግዲህ ግን ከአፏ አንዲት ቃል ቀድሜ አልወስድም፣ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ብዬ በልቤ ለፈጣሪ ተሳልኩ። ስለቴን የተሳልኩት ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ስንቃረብ ነበር። የእኛ መውረጃ መጋዘኑ ጋ ነው። የመጋዘኑ ቆርቆሮ አጥር በመስኮቱ መጣ። እሷ አላየችውም፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። እኔ አየሁት፣ ምላሴንም በጥርሴ ያዝኩ። አጥሩ አለፈ።

"ጋሼ" አለች ቀና ብላ። "አለፍነው እኮ!"

"አዎ።"

"ወራጅ ለምን አላልክም?"

"አንቺ እንድትዪው ብዬ።"

"ወራጅ ማለት የእኔ ሥራ ሆኖ ያውቃል? ሁሌ አንተ አይደለህ እንዴ የምትለው?"

"እሺ አሁን ልበል?"

"ቆይ፣ እኔው እላለሁ።" ወደ ፊት ዘንበል አለች። "ወራጅ አለ!"

ረዳቱ ከበሩ ላይ ዞረ። "የት ጋ?"

የሚቀጥለው መቆሚያ መብራቱ ጋ ነው። ከንፈሯ ገጠመ። ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ዞሩ፣ ሾፌሩም በመስታወቱ አየን። ረዳቱ አንገቱን አሰገገ፣ "የት ጋ ነው እናንተ?" አለ። መብራቱ ይታየኛል፣ አረንጓዴ ነው፣ ታክሲው አይቆምም።

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ "ልበለው?" አልኳት።

መልስ ልትሰጠኝ አትችልም፤ አፏ ተይዟል። አንገቷንም ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን አላንቀሳቀሰችውም። ስለቴ አንድ ነገር ይለኛል፣ መብራቱ ሌላ ይለኛል፤ እኔ አፌን ከፍቼ፣ እሷ አፏን ገጥማ፣ ታክሲው መብራቱን አለፈ።